ስለ ዩኒቨርሲቲ በርና ስለ በረኞቹ

ፍርድ ከባድ ነገር ነው። ዳኛ ስለ አንድ ጥማድ መሬት ሲፈርድ እንኳ ምስክር ያስጠራል፣ ድንበር ያስለካል፣ የአገር ሽማግሌ ይጠይቃል። በአገራችን ግን በየዓመቱ በብዙ መቶ ሺህ በሚቈጠሩ ወጣቶች ዕድል ላይ የሚፈረድ አንድ ፍርድ አለ፤ ምስክር አይሰማበትም፣ ድንበርም አይለካበትም። ይኸውም ማን ዩኒቨርሲቲ ይግባ፣ ማን ከደጅ ይመለስ የሚለው ፍርድ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ፍርድ ነውና ሐሳቤን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገር። በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሦስት በረኞች ቆመዋል። የአንደኛው ስም ነጥብ ነው፤ የሁለተኛው ስም ዘር ነው፤ የሦስተኛው ስም ገንዘብ ነው። ነጥብ «እኔ ለማንም አላደላም» ይላል። ዘር «እኔ የተበደሉ ሰዎች ጠበቃ ነኝ» ይላል። ገንዘብ ግን ምንም አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ብዙ ሰውም መኖሩን አያስተውልም። እኔ በበኩሌ የምለው፣ ከሦስቱ አንዱም ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ አይጠይቅም ነው። ጥያቄውም «ይህ ልጅ ከየት ተነሥቶ እስከዚህ ደረሰ?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአገሬ ገበሬ ነው። እኔ የደነባ ሰው ነኝ። ደነባ በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ወደ እነዋሪ የሚሄድ መንገደኛ ያልፍባታል። አገሩ ደጋ ነው፤ መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ባቄላና ምስር ይበቅልበታል። የመረሬ መሬት ጠባዩ ክረምት ሲሆን ውሃ መቋጠር ነው፤ ገበሬው የውሃ መውረጃ ቦይ ካላወጣለት ቡቃያው ቢጫ ሁኖ ይቀራል። ስለዚህ በእኛ አገር የገበሬ ጕብዝና በጎተራው ሙላት ብቻ አይታወቅም፤ ምን ዓይነት መሬት አርሶ ያን ጎተራ እንደ ሞላው ይጠየቃል። ውሃ ከሚተኛበት ማሳ ዐሥር ኩንታል ያስገባ ሰው፣ ከለም ተዳፋት ዐሥራ አምስት ኩንታል ካስገባው ይልቅ «ገበሬ» ተብሎ ይመሰገናል። ፊደል ያልቈጠረ ሰው የሚያውቀውን ይህን ፍርድ፣ የተማሩ ሰዎች በልጅ ላይ ሲፈርዱ ይረሱታል።

አሁን ከገጠር ቀበሌ የመጣ ተማሪ እንዴት እንደሚማር አስተውሉ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ ሩቅ ስለ ሆነ፣ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በከተማ አንዲት ክፍል ቤት ይከራያል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ጧት ወደ አባቱ ቤት ይሄዳል፤ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ስንቁም እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎና በሶ ነው። ሐሙስ ሲደርስ እንጀራው ይሻግታል። ወጡን የሚሠራ እርሱ ነው፤ ውሃውን የሚቀዳ እርሱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ የሚያነብም እርሱ ነው። የመኸር ወራት ሲደርስ አባቱ የሚያግዘው ሰው ያጣል፤ ስለዚህ ልጁ ለአጨዳና ለውቂያ ከትምህርቱ ይቀራል። ሴት ልጅ የሆነች እንደ ሆነ ደግሞ ቅዳሜ ወደ ቤት የምትሄደው ለዕረፍት አይደለም፤ እንጀራ ትጋግራለች፣ ኩበት ትጠፈጥፋለች፣ ውሃ ትቀዳለች፤ በዚህ ሁሉ ላይ «ልጅቷን ለእኛ» የሚሉ ሽማግሎች በአባቷ ደጅ ይቆማሉ። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት የፊዚክሱ መምህር ዓመቱ ሳይጋመስ ተዛውሮ ይሄዳል፤ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ክፍለ ጊዜው ባዶ ይቀራል። ቤተ ሙከራ የሚባለውም ቁልፉ የጠፋበት ክፍል ነው።

በዚያው ሰዓት በአዲስ አበባ ሌላ ልጅ አለ። ወላጆቹ ሁለቱም የተማሩ ናቸው። በግል ትምህርት ቤት ይማራል፤ ማታ አስጠኚ ከቤቱ ይመጣለታል፤ ያልገባው ነገር ቢኖር በስልኩ ከዓለም ሁሉ መምህር ይጠይቃል። ይህን ልጅ አልነቅፈውም፤ ወላጆቹ ያደረጉት መልካም ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁለት ልጆች በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ተቀምጠው ሲፈተኑ፣ «እነሆ እኩል ሆኑ» የሚል ሰው ቢኖር ያ ሰው ወይ አላየም ወይም ማየት አልፈለገም።

እንግዲህ የነጥብን ጠበቃ እንስማው። «ጥያቄው አንድ ነው፤ ሰዓቱ አንድ ነው፤ አራሚው ማሽን ነው፤ የማንንም አባት አያውቅም። ከዚህ የሚበልጥ እኩልነት ወዴት ይገኛል?» ይላል። በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት አለ፤ እኔም አልክድም። በ2008 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ ስለ ተበተነ ተሰርዞ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ኩረጃም እንደ ሙያ ተቈጥሮ፣ ልጁ ለመልስ አቀባይ ሲከፍል አባቱ አብሮ የሚያዋጣበት ጊዜ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲፈተኑ መደረጉ ይህን ሌብነት ለመቍረጥ የተደረገ መልካም ሥራ ነው። ሌባ በሚገባበት በር ድሃ አይገባም፤ ድሃ ለሌባ የሚከፍለው የለውምና።

ነገር ግን ሌብነቱ ሲገለጥ ከሥሩ የነበረው ገመናም አብሮ ተገለጠ። በዚያ ፈተና 896,520 ተማሪዎች ተቀመጡ። ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 እጅ ማለት ነው። ተማሪ ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች መካከል በ1,161ዱ አንድ ተማሪ እንኳ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ጥቂት ተሻሽሏል፤ ሆኖም በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ናቸው፤ ይኸውም ከመቶ 8.4 እጅ ነው።

ስለ 1,161ዱ ትምህርት ቤቶች ጥቂት እናስብ። ፈጣሪ አእምሮን ሲያድል በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ደጃፍ ሳያልፍ ቀርቶ ነውን? በ1,161 ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ብልህ ልጅ አልተወለደምን? ይህን የሚያምን ሰው ያለ አይመስለኝም። እንዲህ ከሆነ ፈተናው የመዘነው ልጁን ሳይሆን ትምህርት ቤቱን ነው፤ ፍርዱ የወደቀው ግን በልጁ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ በማግሥቱ እንደ ቀድሞው ደወሉን ይደውላል፤ የወረዳው ሹም እንደ ቀድሞው በወንበሩ ይቀመጣል፤ «ወድቀሃል» የተባለው ልጅ ብቻ ስንቅ ይዞ በመጣበት መንገድ ባዶ አኩፋዳውን ይዞ ይመለሳል። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው። ተማሪዎቻቸውን በሙሉ ካሳለፉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መኖራቸው ራሱ ምስክር ነው፤ ከድሃ ቤት የመጣ ልጅ እንኳ ምግብ፣ መኝታ፣ መምህርና መብራት ሲያገኝ ምን እንደሚሠራ ያሳያልና።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለተኛው ጠበቃ ይነሣል። «እንኪያስ ወደ ኋላ ለቀሩት ወገኖች ልዩ ድጋፍ ይሰጥ» ይላል። ይህም ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ89ኛው አንቀጽ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ብሔሮችና ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። በዚህም መሠረት ታዳጊ ከሚባሉት ክልሎች፣ ማለት ከአፋር፣ ከሶማሌ፣ ከቤንሻንጉል ጉሙዝና ከጋምቤላ፣ እንዲሁም ከአርብቶ አደር አካባቢዎች የሚመጡ ተማሪዎች ከሌሎች ዝቅ ባለ ነጥብ እንዲገቡ ሲደረግ ኖሯል። ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞችም እንዲሁ።

ይህን ደንብ ከመሠረቱ የሚጠላ ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር አልቆምም። ከብቱን ተከትሎ ከውሃ ወደ ውሃ የሚዘዋወር የአፋር አርብቶ አደር፣ ትምህርት ቤቱ በአንድ ቦታ ተተክሎ እርሱ ሲሄድ ልጁ እንዴት ይማራል? ለዚያ ልጅ በሩን ሰፋ ማድረግ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ መክፈል ነው። የእኔ ክርክር ከድጋፉ ጋር አይደለም፤ ድጋፉ ከሚሰጥበት ስም ጋር ነው።

ድጋፉ የሚሰጠው ለክልል ስም ሲሆን፣ በክልሉ ዋና ከተማ በደህና ትምህርት ቤት የተማረው የሹም ልጅ በአርብቶ አደሩ ልጅ ስም ይገባል። አርብቶ አደሩ ልጅ ግን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይደርስ ስለ ቀረ፣ በስሙ የተከፈተለትን በር አያየውም። በሌላው ወገን ደግሞ «ታዳጊ» ባልተባለ ክልል ውስጥ የሚኖር ድሃ አለ። የዋግ ገበሬ፣ የመንዝ በግ አርቢ፣ የጋሞ ደጋ ሸማኔ ልጅ በየትኛው ስም ይደገፍ? «ክልልህ ትልቅ ነው» ይሉታል። ክልሉ ትልቅ ስለ ሆነ ልጁ ትልቅ አይሆንም፤ ክልሉ ከተማ ስላለው ለልጁ መብራት አይበራለትም።

ጦርነትም ቢሆን ስም አይመርጥም። የትግራይ ልጆች በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ዓመታት ከትምህርት ተለዩ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ሕፃናት ከደብተር ተለዩ። በወለጋም እንዲሁ ጥይት ያዘጋው ትምህርት ቤት አለ። ጕዳቱ ቦታንና ጊዜን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ፣ የዘር መዝገብ ተመልክቶ አይወርድም።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ልጅን ከበሩ ጀምሮ «የማን ወገን ነህ?» እያልህ ያስገባኸው እንደ ሆነ፣ ከገባ በኋላ በዚያው ጥያቄ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ባለ ዝቅተኛ ነጥቡን «በስም የገባ» ይለዋል፤ ባለ ከፍተኛ ነጥቡን ደግሞ ሌላው «አባቱ የበላን» ይለዋል። በ2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተማሪዎች መካከል በተነሣ ጠብ ተገደሉ። በዚያው ዓመት ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በመንገድ ታገቱ፤ እናቶቻቸውም በየሬዲዮኑ አለቀሱ። ይህን ሁሉ ክፋት የቅበላ ደንብ አመጣው አልልም፤ እንዲህ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ነገር ግን እሳት በነደደበት አገር በር ላይ ጭድ መከመር ብልኅነት አይደለም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በዘርና በገንዘብ ምክንያት በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ብዙ ከተጨቃጨቁት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት፤ ይልቁንም የደቡብ ግዛቶቿ። ከጥፋታቸውም ከልማታቸውም ልንማር ስለምንችል፣ ነገሩን ባጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ስለ አሜሪካ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1962 ጄምስ ሜሬዲት የተባለ ጥቁር ወጣት በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ለመመዝገብ ሲመጣ ሁከት ተነሥቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ እርሱም የተመዘገበው መንግሥት ወታደር ልኮ ነው። በ1963 የአላባማ አገረ ገዥ ጆርጅ ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎችን ለመከልከል በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ራሱ ሂዶ ቆመ። በዚያን ጊዜ ዘር የሚባለው በረኛ በምሳሌ ሳይሆን በሥጋ ሰው ሁኖ ታየ። በሩ በሕግ ኃይል ከተከፈተ በኋላ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የቀድሞውን በደል ለመካስ የአመልካቹን ዘር በቅበላ ጊዜ መቍጠር ጀመሩ። ይህም በፈንታው ክርክር አስነሣ። በ1996 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን አሠራር ለቴክሳስ ከለከለ፤ በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ጉዳይ በአገሩ ሁሉ ከለከለ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቴክሳሶች በ1997 ያደረጉት ነገር ነው። ዘር መጠየቅ ሲከለከሉ «እንግዲያስ ነጥብ ብቻ» ብለው አልተቀመጡም። በግዛቱ ካለ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከክፍል ጓደኞቹ መካከል ከመቶ ዐሥር ውስጥ የገባ ተማሪ ሁሉ በግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ቦታ እንዲያገኝ ሕግ አወጡ። የሀብታም ሰፈር ትምህርት ቤትም ዐሥር፣ የድሃ ሰፈር ትምህርት ቤትም ዐሥር። ለዚህ ሕግ የቆሙት የጥቁሮችና የሜክሲኮ ዘሮች እንደራሴዎች ብቻ አልነበሩም፤ ልጆቻቸው ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ብዙም የማይገቡ የነጭ ባላገሮች እንደራሴዎችም ነበሩ። ዘር የለያያቸውን ሰዎች የትምህርት ቤት ርቀት አንድ አደረጋቸው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባወጣቸው ዘገባዎችም በዚህ መንገድ የገቡት ተማሪዎች፣ በመግቢያ ፈተና ከእነርሱ የበለጠ ነጥብ ካላቸው ተማሪዎች ጋር በትምህርታቸው ተስተካክለው፣ አንዳንዴም በልጠው ተገኙ። ሕጉ እንከን የለውም አልልም፤ የገቢው ቍጥር ስለ በዛ በ2009 በኦስቲን ለሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ወሰን ተበጀለት። ነገር ግን አሳቡ ትክክል ነው፤ ተማሪውን ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር መዘነው።

ቴክሳሶች ሌላም ነገር ተማሩ። የመግቢያ ደብዳቤ የደረሳቸው የድሃ ልጆች ገንዘብ ስለሌላቸው ሳይመጡ ቀሩ። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ ተማሪ ልከው ለማያውቁ ትምህርት ቤቶች የተለየ የገንዘብ እርዳታ አቆመ። በጆርጂያ ግን ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። በ1993 ከሎተሪ በሚገኝ ገንዘብ ለጎበዝ ተማሪዎች ማስተማሪያ ሰጡ፤ መጀመሪያ የቤተሰቡ ገቢ ከተወሰነ መጠን እንዳይበልጥ ይጠየቅ ነበር፤ በ1995 ይህን አንሥተው በውጤት ብቻ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ሎተሪውን አብዝቶ የሚገዛው ድሃው፣ ከስጦታው የሚበልጠውን የሚያገኘው ግን ያለዚያም ልጁን ማስተማር የሚችለው ሰው ሆነ። በጎ አድራጎት እንኳ ሳያስተውሉ ሲያደርጉት ከድሃ ወስዶ ለባለጸጋ መስጠት ይሆናል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስና ስለ ዝምተኛው በረኛ፣ ስለ ገንዘብ ልናገር። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መጨረሻ «ሴክተር ሪቪው» የተባለ የትምህርት ጥናት ተዘጋጅቶ ነበር። ሕዝቡ የተረዳው «የድሃ ልጅ አራት ክፍል ተምሮ ወደ እርሻው ይመለስ» ማለት እንደ ሆነ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችም ደገፏቸው፤ ዕቅዱም ቀረ። ያ መንግሥት ከጥቂት ወራት በኋላ የወደቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን የአገራችን ሰው ርሃብን ታግሦ የልጁን የትምህርት በር መዘጋት እንደማይታገሥ ከዚያ ጊዜ መማር ይቻላል።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የወጪ መጋራት ደንብ መጣ። ያ ደንብ ሲወጣ ተማሪው ሲገባ እንዳይከፍል፣ ተምሮ ሥራ ሲይዝ ግን ከደመወዙ ቢያንስ ከመቶ ዐሥር እየተቀነሰ የምግቡን፣ የመኝታውንና የትምህርቱን ከፊል ዋጋ እንዲመልስ አደረገ። በመምህርነት የሚሠማራ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎቱ እንዲከፍል ተደርጓል። ይህ ደንብ መልካም ነው ባይ ነኝ፤ «ካገኘህ በኋላ ክፈል» ማለት ድሃን አይመልስምና። ዛሬ ግን ሌላ ነፋስ ይነፍሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆነ፤ የራሱንም የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀመረ፤ ሌሎችም በዚሁ መንገድ እንዲከተሉ ይታሰባል። ዩኒቨርሲቲ ራሱን ማስተዳደሩን አልቃወምም፤ ምሁር በቢሮክራሲ ሲታሰር ዕውቀት ይሞታል። ነገር ግን ያ ነጻነት ድሃን የመመለስ ነጻነት እንዳይሆን እፈራለሁ። መክፈል በሚችሉት የሚሞላ ዩኒቨርሲቲ ቀስ በቀስ የአገር መሆኑ ቀርቶ የሰፈር ይሆናል።

ደግሞም ገንዘብ የሚቆመው በዩኒቨርሲቲው በር ብቻ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በተከራየው ክፍል ውስጥ፣ በሻገተው እንጀራ ላይ፣ በመኸሩ ማሳ ላይ ቆሞ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ ሥልጣኔ ነውና እሰየው። ነገር ግን የኮምፒዩተር ፊደል መምቻ በፈተናው ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካ ልጅ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲጫወትበት ካደገው ጋር ይወዳደራል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መንቀፍ ቀላል ነው፤ መፍትሔ ሳይናገሩ መንቀፍ ግን የሥራ ፈት ሙያ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው። ብሔራዊ ፈተናው ጥብቅ ሁኖ ይቀጥል። ከዩኒቨርሲቲ መቀመጫዎች ግን አንድ የታወቀ ክፍል በአገሪቱ ካለ ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በዚያው ፈተና ከትምህርት ቤቱ ልጆች ለሚበልጡት ይሰጥ። ከመቶ አምስት ይሁን ወይም ዐሥር፣ ሒሳብ ዐዋቂዎች ይወስኑት። መለኪያው ብሔራዊ ፈተናው ስለ ሆነ ማንም ርእሰ መምህር ለዘመዱ ውጤት ሊጨምርለት አይችልም። የሴት ልጅ ሸክም በየቤቱ ያለ ስለ ሆነ ከየትምህርት ቤቱ ከሚመረጡት ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ። የመረጥናቸውም በገንዘብ ምክንያት እንዳይቀሩ፣ የሚገቡበት ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ቢሆንም ባይሆንም «ካገኘህ በኋላ ክፈል» የሚለው ደንብ ይጠብቃቸው።

«ጥራት ይወድቃል» የሚለኝ ይኖራል። ለዚህ ሰው መልሴ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ያለፉት 29,909 ተማሪዎች የአገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች ሊሞሉ ስላልቻሉ፣ ካላለፉት መካከል ብዙዎች «ሪሜዲያል» በተባለው የማካካሻ ትምህርት ገብተዋል። እንግዲህ በሩ ላላለፉትም ተከፍቷል፤ የቀረው ጥያቄ በምን ተራ ይግቡ የሚለው ብቻ ነው። መብራትና መምህር ሳይኖረው ከጓደኞቹ ሁሉ የበለጠ ልጅ፣ አስጠኚ ተቀጥሮለት ለጥቂት ከወደቀ ልጅ በፊት ቢገባ ጥራት የሚወድቀው በምን ምክንያት ነው? የመጀመሪያው ልጅ የጐደለው ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ይሰጣል። ትጋት ግን በማካካሻ ትምህርት አይሰጥም።

«ሀብታሞች ልጆቻቸውን ወደ ደካማ ትምህርት ቤት ያዛውራሉ» የሚልም አለ። በመጨረሻው ዓመት ለመዛወር ብቻ የሚመጣውን፣ «ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያልተማረ አይቈጠርም» ብሎ ማገድ ይቻላል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚያመጣ ሀብታም ካለ ግን እሰየው! የሹም ልጅ በገጠር ትምህርት ቤት አራት ዓመት የተማረ እንደ ሆነ፣ የጠፋው የቤተ ሙከራ ቁልፍ በሳምንቱ ይገኛል፤ የፊዚክሱም መምህር አይዛወርም።

«ለአርብቶ አደሩስ?» ብትሉኝ፣ ይህ ሥርዓት ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እርሱን ነው። የእርሱ ልጅ የተማረበት ትምህርት ቤት በስሙ ስለሚቈጠር፣ የክልሉ ከተማ ልጅ ቦታውን ሊወስድበት አይችልም። ትምህርት ቤቱ እስኪደርስለት ድረስ ግን ያለው ድጋፍ አይነካ፤ ያልተተከለ ዛፍ ጥላ አይሰጥምና።

በመጨረሻ ለእናንተ ለወጣቶች ጥቂት ቃል አለኝ። በጥሩ ትምህርት ቤት ተምራችሁ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛችሁ፣ ደስ ይበላችሁ እንጂ አትኩሩ፤ በነጥባችሁ ውስጥ የአባታችሁ ገንዘብ፣ የአስጠኚያችሁ ድካምና የከተማችሁ መብራት አለበት። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ልኮ ያስተምር እንደ ነበር አስታውሱ፤ እናንተም ማንም ሳይልካችሁ አንድ ክረምት ሂዳችሁ አስተምሩ። አንድም ተማሪ ካላለፈበት ትምህርት ቤት የወጣችሁ ደግሞ፣ «ደደብ ነኝ» አትበሉ፤ የተመዘነው ትምህርት ቤታችሁ ነው። ነገር ግን «በዘሬ ምክንያት ነው» ብላችሁም አትቀመጡ፤ ይህ ቃል ለሚሰማው ይጣፍጣል እንጂ መምህር አይቀጥርም፣ መብራት አያስገባም። ይልቅስ የወረዳችሁን ሹም «የትምህርት ቤታችን ውጤት ስንት ነው? መምህሩስ ወዴት ሄደ?» ብላችሁ በየዓመቱ ጠይቁት፤ እስኪሰለችም ጠይቁት።

ነገ ከእናንተ መካከል አንዳንዳችሁ በዚያ በር ላይ ትቆማላችሁ፤ የቅበላ ደንብ ትጽፋላችሁ፣ የበጀት ወረቀት ትፈርማላችሁ። በዚያን ቀን አንድ ልጅ ከፊታችሁ ሲቆም፣ ስንት አመጣህ ብላችሁ ጠይቁት፤ ይገባል። የማን ልጅ ነህ ብላችሁ አትጠይቁት። ስንት ብር አለህ ብላችሁ አትጠይቁት። ከየት ተነሥተህ መጣህ ብላችሁ ግን ሳትጠይቁት አትመልሱት።